የሰሜን ኮከብ ከእንጦጦ ጀርባ ሲሆን፦ ከሽሮ ሜዳ ጣሪያ የኦሪዮን ኔቡላን ማንሳት

ጉዳዩ ለምን ይመዝገብ

የሌሊት ሰማይን ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዩቲዩብ ነው። እዚያ የሚያገኘው ምክር ጥሩ ነው። ችግሩ አብዛኛው የተዘጋጀው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ መሆኑ ነው። «የሰሜን ኮከብን ፈልጉ፣ መሣሪያውን ወደ እሱ አዙሩ፣ ከዚያ ቀጥሉ» ይላል። ለንደን ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 51 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ኮከቡ ከጡጫው ጀርባ ይቀራል። በሰሜን በኩል ፎቅ፣ ዛፍ ወይም ተራራ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

ይህ ጉዳይ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያደክምና እንዴት እንደሚፈታ ያሳያል። ብዙ ጀማሪዎች ፎቷቸው ሲበላሽ ካሜራ ወይም ሌንስ ለመቀየር ይነሳሉ። እዚህ ላይ ግን ካሜራውም ሌንሱም ጥፋት አልነበረባቸውም። መፍትሔው የተገኘው ከቱንቢ፣ ከብየዳ ቤትና ከአንድ ጀሪካን ውሃ ነው።

መነሻው

ባለጉዳይዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት። ስሟን አልጠቅስም። ጉዳዩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። የትምህርት ቤቷን የሳይንስ ክበብ የምትመራውም እሷ ናት። ለተማሪዎቿ ከኢንተርኔት የወረደ ሳይሆን ከራሳቸው ሰፈር የተነሳ የኔቡላ ፎቶ ማሳየት ፈለገች። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኝ አብሬያት ሠራሁ።

የመረጠችው የኦሪዮን ኔቡላን ነው። ምርጫው ትክክል ነበር። ኔቡላው ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከዋክብት የሚወለዱበት ሰፊ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በዓይን እንኳ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ መሐል ከተሰለፉት ሦስት የቀበቶ ከዋክብት በታች እንደ ደበዘዘ ኮከብ ይታያል። ዋናው ነገር ደግሞ ለእኛ የሚመች ወቅት አለው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መሐል በምሽት ጎልቶ የሚወጣው በክረምት ነው፤ ያኔ ሰማያችን በደመና ይሸፈናል። ኦሪዮን ግን የበጋ እንግዳ ነው። በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ኔቡላው እስከ 75 ዲግሪ ከፍ ይላል። ብርሃኑ የሚያልፈው በቀጭን አየር ውስጥ ስለሆነ ብዙ አይደበዝዝም። አውሮፓ ያሉት ይህን ዕድል አያገኙም።

ዕቃው ቀላል ነበር። ያገለገለ ካነን 600ዲ ካሜራ፣ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድና አንዲት ትንሽ መከተያ ሞተር። መከተያዋ ምድር ስትዞር ካሜራውን በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ፍጥነት የምታዞር ናት። ዙሩን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ትጨርሳለች። ዕቃውን የላከላት ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱም እዚያ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሰማይ ያነሳል።

የምትኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ቤቱ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ አለው። ለሚቀጥለው ፎቅ ተብሎ የተተወ ፌሮ ከየምሰሶው አናት ወጥቶ ቆሟል። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ጣሪያ ወዲያው በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ደቡቡና አናቱ ክፍት ናቸው። ሰሜኑን ግን እንጦጦ ዘግቶታል። በስልኳ የዘንበል መለኪያ ስትለካው ሸንተረሩ ባሕር ዛፉን ጨምሮ ከ9 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከዚያ ጣሪያ በምንም ምሽት አይታይም።

ችግሩ

መከተያ እንዲሠራ የሚዞርበት ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ያ ማለት ትክክለኛውን ሰሜን ይዞ ከአግድም 9 ዲግሪ ቀና ማለት ነው። ካልሆነ ኮከቦቹ ይጎተታሉ።

ምን ያህል እንደሚጎተቱ ማስላት ይቻላል። የዚህ ካሜራ አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት አንዱ ነጥብ፣ 4.3 ማይክሮን ነው። በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንዱ ፒክስል 6.6 ሰከንደ-ቅስት የሰማይ ስፋት ይሸፍናል። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንደ-ቅስት ነው። በሰማይ ወገብ ላይ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ ባለው የሰማይ መስመር ላይ ያለ ኮከብ በሰከንድ 15 ሰከንደ-ቅስት ይጓዛል። ያለ መከተያ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ አንድ ፒክስል ያልፋል። መከተያ ኖሮ ዘንጉ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት ደግሞ በ1 ደቂቃ ውስጥ እስከ 2.4 ፒክስል ይንሸራተታል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ጉዳዩ በሙሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የ1 ደቂቃ ነበሩ። ኮከቦቹ ነጥብ ሳይሆኑ ጭረት ሆኑ። ርዝመታቸው 7 ፒክስል ያህል ነበር። ወደ ወንድሟ በቴሌግራም ላከችለት።

«እቴ፣ እኔ እኮ በኮምፓስ ገመት አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ይሠራል። ሌንሱ ይሆን እንዴ የተበላሸው?» አላት።

ወንድሟ የነገራት ሐሰት አልነበረም። እሱ ጋ በእርግጥ ይሠራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ የሚጠቀመው 24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ነው። በዚያ ሌንስ ያው ስሕተት ከአምስት እጥፍ በላይ አንሶ ይታያል። ሁለተኛው ብዙም የማይነገር ነው። የኮምፓስ ስሕተት የአቅጣጫ ስሕተት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዘንበል። ዘንጉ ቀና ባለ ቁጥር የዚህ ስሕተት ጉዳት ይቀንሳል። ሜሪላንድ 39 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ 1 ዲግሪ የኮምፓስ ስሕተት በዘንጉ ላይ የ0.78 ዲግሪ ያህል ጉዳት ያደርሳል። ለንደን ላይ 0.62 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ዘንጉ ተኝቷል ማለት ስለሚቀል 0.99 ነው። ስሕተቱ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። እኛ በኮምፓስ ላይ ስንተማመን ከእነሱ የበለጠ እንጎዳለን።

የፌሮው ነገር ደግሞ አለ። የኮንክሪቱ ሆድ በብረት የተሞላ ነው። ኮምፓሱን ከአንድ ምሰሶ ወደ ሌላው ስታዛውረው መርፌው አቅጣጫ ይቀይራል። መርፌው ብረት በሌለበት ቦታም ቢሆን የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ሰሜን እንጂ ትክክለኛውን አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ነበረበት። ሌንሱ ነው? ሞተሩ ነው? ነፋስ ነው? ወይስ አቀማመጡ? ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ኦሪዮን አናት አካባቢ ሲደርስ መከተያው እየሠራ ለ1 ደቂቃ ታነሳላችሁ። መጨረሻ ላይ ሌንሱ ሳይዘጋ ሞተሩን ለ5 ሰከንድ ብቻ ታጠፋላችሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ኮከቡ ወደ ምዕራብ 11 ፒክስል ያህል ይጎተታል። ያ መስመር የምሥራቅ-ምዕራብን አቅጣጫ ያሳያችኋል። አሁን የመጀመሪያውን ጭረት ከእሱ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ በአንድ መስመር ከሆኑ ችግሩ የሞተሩ ፍጥነት ነው። ማዕዘን ሠርተው ከቆሙ ጭረቱ የሰሜን-ደቡብ ነው፤ አቀማመጡ ተሳስቷል። መምህሯ ያገኘችው ጥርት ያለ ማዕዘን ነበር። ሌንሱ ነጻ ወጣ። 7 ፒክስሉን ለ2.4 ስታካፍለው ዘንጉ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ መሳሳቱን አወቀች። ሌንስ ለመቀየር የተያዘው ሐሳብ እዚያው ቀረ።

ቀጥሎ እውነተኛውን ሰሜን ማግኘት መጣ። ኮከቡ ከተደበቀ ፀሐይ አለች። ፀሐይ በቀኑ እኩሌታ በሰሜን-ደቡብ መስመር ላይ ታልፋለች። በዚያች ደቂቃ የቱንቢ ክር ጥላ የሚወድቀው በትክክል በዚያ መስመር ላይ ነው። ሰዓቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 38.75 ላይ ነው። በዚህ ብቻ እኩለ ቀኑ 25 ደቂቃ ይዘገያል። በዚያ ላይ እንደ ወቅቱ የሚቀያየር ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ገና በሚውልበት ሰሞን ትክክለኛው እኩለ ቀን 6 ሰዓት ከ31 ገደማ ነው። በጥምቀት ወደ 6፡36 ይሄዳል። ስቴላሪየም የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የየቀኑን ያወጣል።

ቱንቢውን ከአንድ ግንበኛ ጎረቤቷ ተዋሰች። ከጣሪያው ላይ ካለ የልብስ ማስጫ ገመድ አሰረችው። የወንድሟ ልጅ ስልኩን ይዞ ሰዓት ቆጠረ። ደቂቃው ሲደርስ ጥላው ላይ በጠመኔ አሰመሩ። በዚያ ወቅት አንድ ደቂቃ መሳሳት መስመሩን ግማሽ ዲግሪ ለሚጠጋ ያጣምመዋል። ስለዚህ በተለያዩ ቀናት ደጋግመው አሰመሩና መካከለኛውን ያዙ። በኋላ መስመሩን በዘይት ቀለም ቀባችው። አሁንም እዚያው ጣሪያ ላይ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ይህ ዘዴ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ አናት ለአናት ታልፋለች። ያኔ የሚሰመር ጥላ የለም። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። መስመሩ ያው ነው፤ ጫፉ ግን ተገልብጧል።

ሦስተኛው ሥራ ማዘንበያው ነበር። ከመከተያዋ ጋር የመጣው ማዘንበያ በብሎን እየጠበቀ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ሲደርሳት 39 ዲግሪ ላይ እንደተቆለፈ ነበር። ወደ 9 ስታወርደው ሁለት ነገር ተፈጠረ። የሚዛን ክብደቱ ዘንግ ሲዞር ከትራይፖዱ እግር ጋር ተጋጨ። የካሜራው ክብደት ደግሞ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ትራይፖዱን ሊጥለው ደረሰ። ዘንጉ ሲተኛ ይህ የግድ ነው። አንዱን የትራይፖድ እግር ወደ ሰሜን ብታዞረው መውደቁ ይቀራል፤ ግጭቱ ግን ይብሳል።

እኔ በጣም የወደድኩት መፍትሔ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤቷ ከአዲስ አበባ ወዴትም አይሄድም። ታዲያ ከፍና ዝቅ የሚል ማዘንበያ ለምን ያስፈልጋታል? ሠፈር ውስጥ ወዳለ ብየዳ ቤት ሄደች። ከወፍራም ላሜራ 9 ዲግሪ የተቆረጠ መቀመጫ አሠራች። ከሥሩ አንድ ክንድ የማይሞላ የብረት ቱቦ ተበየደ። ቱቦው መከተያዋን ከትራይፖዱ እግር በላይ ከፍ ስላደረጋት ግጭቱ ቀረ።

«ቲቸር፣ ዘጠኝ ዲግሪ ማለት እኮ ለዓይን አይታይም። ለምኑ ነው?» አላት በያጁ።

የዘንጉን ነገር በወረቀት ሣለችለት። ከዚያ በኋላ ሥራውን የያዘው በሌላ ፍላጎት ነው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ላሜራው ጥቂት ተጣመመና በዲጂታል መለኪያ 10 ዲግሪ ሆነ። እሱ ራሱ በአንድ በኩል ሮንዴላ እየጨመረ ወደ 9 አወረደው። ቋሚ ብረት አይላላም፣ ነፋስም አይነቀንቀውም። ብዙ ገንዘብ ከሚያወጣ ማዘንበያ ይህኛው ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ትራይፖዱ ግን ቀላል ነበር። መሐሉ ላይ ባለው መንጠቆ ውሃ የተሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ተንጠለጠለ። ጀሪካኑ መሬት ነክቶ እንዲያርፍ ገመዱን ማስረዘም ይገባል። አየር ላይ ከቀረ ነፋስ ያወዛውዘውና እሱ ራሱ ችግር ይሆናል።

የመጨረሻው ማስተካከያ ከሰማይ መጣ። የቀትሩ መስመር ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ድረስ ያደርሳል። ቀሪው በመንሸራተት ይለካል። ከቀበቶው ሦስት ከዋክብት ምዕራባዊው ሚንታካ ይባላል። የሰማይ ወገብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ከአናት ትንሽ ደቡብ ያልፋል። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ኮከብ የለም። በካሜራው ስክሪን ላይ 10 ጊዜ አጉልታ ለ5 ደቂቃ ተከታተለችው። ደንቡ ይህ ነው፦ ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ሄዷል፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ወደ ምዕራብ ሄዷል። በጥቂቱ እያዞሩ መደጋገም ነው። ሲበቃት የትራይፖዱ ሦስት እግሮች ያረፉበትን ቦታ ቀለም ቀባች። ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ፎቶው ራሱ

ትኩረቱ የተስተካከለው በደማቁ ኮከብ በሲሪየስ ነው። ሌንሱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ምልክት ማመን አያዋጣም። ደማቅ ኮከብ አጉልቶ፣ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ማዞርና በፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ትኩረቱ ስለሚሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ከጣሪያው ላይ የአንዱ ፎቶ ጊዜ 30 ሰከንድ ሆነ። አቀማመጡ ከዚያ በላይ ይችላል። የከተማው ብርሃን ግን አይፈቅድም፤ ሰማዩ ይነጣል። የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 2.8፣ የብርሃን ስሜቱ አይ ኤስ ኦ 800፣ ፋይሉ ሮው የሚባለው ጥሬው ዓይነት። እነዚህ ብዙ ፎቶዎች በኋላ በኮምፒውተር ላይ ይደራረባሉ። መቶ ፎቶ ሲደራረብ የምስሉ ጥራት ከጫጫታው፣ ማለትም በምስሉ ላይ ከሚበተኑት የሐሰት ነጥቦች አንጻር 10 እጥፍ ይሻላል፤ የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው። ለዚህ ዲፕ ስካይ ስታከርና ሲሪል የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። የኔቡላው መሐል በጣም ደማቅ ስለሆነ ለእሱ ብቻ የ3 ሰከንድ ፎቶዎች ለብቻ ተነሥተው ተቀላቀሉ።

ሌንሱ ጠርዝ ላይ የሚፈጥረውን ጥላ ለማጥፋት እኩል የበራ ነጭ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ ነጭ ቲሸርት ይላሉ። መምህሯ የእናቷን ነጠላ አጥፋ ሌንሱ ላይ አለበሰችው፤ ጥለቱን ወደ ጎን አድርጋ። ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰማይ አዙራ አነሳች። ሽመናው ቀጭንና እኩል ስለሆነ ብርሃኑን በሚያምር ሁኔታ ይበትናል።

ያልሠሩት ነገሮች

የከተማ ብርሃን ይቀንሳል የተባለ ፊልተር ተውሳ ሞከረች። ብዙም አልረዳም። እንዲህ ያለው ፊልተር የሚጠቅመው ለድሮዎቹ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራቶች ነው። የእነሱ ብርሃን በጠባብ የቀለም ክልል ስለሚወጣ ለይቶ መጋረድ ይቻላል። ነጩ ኤልኢዲ ግን በሁሉም ቀለም ያበራል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከተማው ውስጥ የበዛው ይኸው ነጭ መብራት ነው። ሠፈሩ ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት የተነሡት ፎቶዎች ፊልተር ካለበት ምሽት በግልጽ የተሻሉ ነበሩ። ከተማው የማይረብሸው ሰው የለም። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም የዚህ ብርሃን ጎረቤት ነው።

ሆርስሄድ የሚባለው ኔቡላም በጉጉት ተጠብቆ ነበር። ከቀበቶው ምሥራቃዊ ኮከብ አጠገብ ስላለ በዚሁ ሌንስ አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል። ያልተነካ ካሜራ ግን በደንብ አያየውም። ከጀርባው ያለው ቀይ የሃይድሮጅን ብርሃን 656 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ፋብሪካው ሴንሰሩ ፊት የሚገጥመው ፊልተር አብዛኛውን ይከለክለዋል። ፊልተሩን የሚያስነቅሉ ሰዎች አሉ። እሷ አልፈለገችም፤ ካሜራው የክበቡን ዝግጅቶች በቀን ያነሳል።

ያልታሰበው ችግር የጎረቤት ነበር። በጨለማ ጣሪያ ላይ ረጅም ሌንስ ይዞ የሚቆም ሰው ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ጎረቤት ግቢያችን እየተቀረጸ ነው ብለው አከራይዋ ዘንድ ሄዱ። ነገሩ የበረደው አከራይዋ እማማ ራሳቸው ጣሪያ ወጥተው ስክሪኑ ላይ ኔቡላውን ካዩ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ምሽት ጎረቤትየው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ይህ ቀድሞ ቢደረግ ኖሮ ቅሬታው ባልተነሣም ነበር።

ወደ ላንጋኖ

በየካቲት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት መጨረሻ፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ ላንጋኖ ወረደች። ያረፉት ሎጅ ውስጥ ነው። ፈቃድ አስቀድመው ጠየቁ፤ ለዘበኞቹም ነገሩን አስረዱ። ሌሊት በመንገድ ዳር መቆም የሚመከር አይደለም።

ላንጋኖ 7.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። ቋሚው መቀመጫ ግን 9 ነው። የ1.4 ዲግሪ ልዩነት በ1 ደቂቃ ከ3 ፒክስል በላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረውን የትራይፖድ እግር አሳጠረች። መለኪያው መቀመጫው ላይ 7.6 እስኪያሳይ ሙሉው ወደ ሰሜን ዘነበለ። ብየዳ አላስፈለገም።

እዚያ ሰሜኑ ክፍት ስለነበር የሰሜን ኮከብ በመጨረሻ ታየ። በበጋ አቧራ ደብዝዞ ነው እንጂ። ካሲዮፒያ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ይዛችሁ ካልፈለጋችሁት ያልፋችኋል። ኮከቡ ራሱ ትክክለኛው ዋልታ ላይ አይደለም፤ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይርቃል። በቀጥታ እሱ ላይ ብታነጣጥሩ በ1 ደቂቃ 1.5 ፒክስል ያህል ትሳሳታላችሁ። ለ30 ሰከንድ ፎቶ ይህ በቂ ነው። እሷ 90 ሰከንድ ስለፈለገች በሚንታካ አረጋገጠችው።

ከሰዓት በኋላ የጀመረው የሐይቁ ነፋስ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሥራ አስፈታ። ጀሪካኑ እንኳ አልበቃም። ነፋሱ ሲቆም የቀረው አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ያች አንድ ሰዓት ከከተማው የብዙ ምሽት ክምችት በለጠች። የኔቡላው ክንፎች ወጡ። በቀበቶው አጠገብ ፍሌም የሚባለው ኔቡላ ታየ። ከጣሪያው ፎቶ ላይ ጨርሶ ያልነበረው ቡናማ አቧራም ተዘረጋ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ ከሌንስ በፊት ለነዳጅና ለማደሪያ አውጣው እላለሁ።

ለሌላው የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር ጥፋቱን ለክቶ መለየት ነው። ጭረት ያለበት ፎቶ ስታዩ ወዴት እንደተጎተተና ስንት ፒክስል እንደሆነ ጠይቁ። እነዚህ ሁለት መልሶች ስንት ዲግሪ እንደተሳሳታችሁ ይነግሯችኋል። በሌላ ሌንስ ለመሥራት ቁጥሩን መቀየር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ1 ዲግሪ ስሕተት በደቂቃ 0.9 ፒክስል ገደማ ነው። እንዲያውም ለጀማሪ 50 ሚሊ ሜትር ይዞ መጀመር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ ሁሉ፣ ከዕቃው ጋር የእናንተን አሠራር እንዳለ አትላኩ። ማዘንበያው ወደ 5 ዲግሪ ድረስ መውረድ መቻሉን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ዝቅተኛው ገደብ ከፍ ያለ ሞዴል አለ። እንዲህ ያለው እዚህ ሲደርስ ለምንም አይሆንም።

ኢትዮጵያ በጠቅላላው ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ውስጥ ስለሆነች የብየዳው መቀመጫ በየከተማው ይሠራል፤ የሚለየው ዲግሪው ብቻ ነው። ሐዋሳ 7፣ ጅማ 7.7፣ ድሬዳዋ 9.6፣ ባሕር ዳር 11.6፣ ጎንደር 12.6፣ መቀሌ 13.5። ሐዋሳ ላይ መቀመጫው ከአግድም ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ቱቦውን ረዘም ማድረግ ይበጃል።

መምህሯ አሁን ቀጣዩን እያዘጋጀች ነው። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት ከለንደን ጨርሶ አይታይም። ከሽሮ ሜዳ ጣሪያ ግን በግንቦት መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ በኩል 33 ዲግሪ ከፍ ይላል። የከተማው ብርሃን የሚበረታው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ከ15 ሰከንድ በማይበልጡ ፎቶዎች ልትሞክረው አስባለች፤ ሰማዩ ከበልግ ዝናብ የሚጠራበትን ምሽት እየጠበቀች ነው።